በበር ያስወጣሁት ጨው በጠርሙስ ሲመለስ

የኩላሊቴ ነገር የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ለሌላ ጉዳይ የደም ምርመራ ታዞልኝ ክሬቲኒኔ፣ ማለትም ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስኳር የለብኝም። ግፊት ግን አለብኝ፤ መድኃኒቱን ሲታወሰኝ እየዋጥኩ፣ ሲረሳኝ እየተውኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «የኩላሊትዎ የማጣራት አቅም 38 ደርሷል፤ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነዎት» አለኝ። ከ30 እስከ 59 ያለው ሦስተኛ ደረጃ እንደሚባል፣ ከ15 በታች ሲወርድ ደግሞ የእጥበትና የንቅለ ተከላ ወሬ እንደሚመጣ ያወቅኩት ቤት ገብቼ ሳነብ ነው። ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ይዤው የወጣሁት ምክር ሁለት ቃል ነበር፦ «ጨው ይቀንሱ።»

እሺ አልኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ የጨው ዕቃውን ከጠረጴዛ ላይ አንስቼ እጄ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ድስት ውስጥም ጨው መጨመር አቆምኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «እኔ እኮ ጨው ትቻለሁ» እያልኩ ኮራሁ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ የሠራኋቸውን ሁለት ስህተቶች ሌላ ሰው እንዳይደግማቸው ብዬ ነው። የመጀመሪያው ሞኝነት ነበር። ሁለተኛው ግን ሊገድለኝ ነበር።

ጨው የሌለው ምግብ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። እንቁላሉ እንቁላል አይልም፣ ድንቹ ወረቀት ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣዬ በር ላይ የተደረደሩት ጠርሙሶች ደረሱልኝ። እንቁላሉ ላይ ኬቻፕ፣ ሩዙ ላይ ሶያ ሶስ፣ ዳቦው ላይ ሰናፍጭና ማዮኔዝ፣ ሥጋው ላይ ባርቤኪው ሶስ። በእኔ ቤት ጨው ማለት ያ ነጩ ዱቄት ነው። ቀይና ቡናማ ሆኖ፣ ጣፍጦና ኮምጥጦ ሊመጣ እንደሚችል ጭራሽ አልታየኝም። እንዲያውም ጨው ስለተውኩ ሶሱን ከበፊቱ እጥፍ አድርጌ ማፍሰስ ጀምሬ ነበር።

በሦስተኛው ወር ቁርጭምጭሚቴ ማበጥ ጀመረ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ምልክት እንደ ቀለበት ቆዳዬ ላይ ታትሞ ይቀራል። ግፊቴ 160 በ95 ገባ። ሐኪሙ «ጨው ይጠቀማሉ?» ሲለኝ «በፍጹም!» ብዬ ማልኩ። የምዋሸው መስሎታል መሰለኝ፤ ምንም ሳይለኝ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ላከኝ።

ባለሙያዋ የምበላውን በቃል አልጠየቀችኝም። ከመሳቢያዋ ባዶ ሳህንና የኬቻፕ ጠርሙስ አወጣችና «ቤትዎ እንደሚያደርጉት አድርገው ያፍስሱልኝ» አለችኝ። አፈርኩና ጠብ ጠብ አደረግኩ። ሳቀች። «አይ፣ እውነተኛውን ያፍስሱ።» እንደልማዴ ዞር ዞር አድርጌ አፈሰስኩላት። ከዚያ በሾርባ ማንኪያ እየለካች ወደ ሌላ ሳህን ገለበጠችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጠርሙሱን አዙራ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አሳየችኝ፤ አንዱ ማንኪያ ወደ 150 ሚሊ ግራም ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ አለው። እኔ ለአንድ ቁርስ 600 አፍስሻለሁ።

«ሶያ ሶሱስ?» አለችኝ። «ሁለት ማንኪያ ቢሆን ነው» አልኳት። አንድ የሾርባ ማንኪያ መደበኛ ሶያ ሶስ 900 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ይይዛል። ለእኔ የተፈቀደልኝ የቀኑ ጠቅላላ ከ2000 በታች ነው። ይህ ወደ ጨው ሲመነዘር 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ የማይሞላ ነው። ዳቦው፣ አይቡ፣ የታሸገው ምግብ ሁሉ ከዚያች ማንኪያ ላይ ነው የሚቀነሰው። ሁለት ማንኪያ ሶያ ሶስ ብቻውን ቀኔን ይጨርሰው ነበር ማለት ነው። «ጨው ትቻለሁ» ስል የነበረው እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው።

ቤት ስገባ ከልጄ ጋር ጠርሙሶቹን ሁሉ አውጥተን ወለሉ ላይ ደረደርናቸው። የጀርባው ጽሑፍ ለእኔ ዓይን ስለማይታይ በስልኳ ፎቶ እያነሳች፣ እያጎላች ታነብልኛለች። ማዮኔዙ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 90 ገደማ ወጣ፤ ከጠበቅኩት በጣም ያነሰ ነው። ቢጫው ሰናፍጭ በአንድ የሻይ ማንኪያ ከ60 አይበልጥም። ባርቤኪው ሶሱ በሁለት ማንኪያ ከ300 በላይ። የዓሣ ሶስ ከሶያ ሶስም ይብሳል፣ አንድ ማንኪያው ከ1000 ያልፋል። ሾርባ ላይ የምጥላት ትንሿ ኩብ ደግሞ አንዷ ብቻዋን ወደ 1000 ተጠጋች። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የእናንተን ጠርሙስ ጀርባ እዩ። ደረጃው ግን ብዙ አይቀያየርም፦ ሶያ፣ የዓሣ ሶስና ኩብ ከላይ፣ ማዮኔዝና ሰናፍጭ ከታች፣ አቼቶ ደግሞ ምንም የለውም ማለት ይቻላል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ከዚህ ነው ከድጡ ወደ ማጡ የሄድኩት።

ሱቅ ውስጥ መለያ እያነበብኩ ስዞር አንዲት ቆንጆ ጠርሙስ አየሁ። ነጭ ዱቄት ናት፣ ክዳኗ ላይ ቀዳዳ አላት፣ ሆዷ ላይ የልብ ስዕል አለ። «የጨው ምትክ፣ ከሶዲየም ነፃ» ትላለች። ሶዲየም ዜሮ! ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ምግቤ ላይ ነሰነስኳት። ትንሽ መረር ትላለች እንጂ ጨው ናት። ባለሙያዋ ጋ ቀጠሮ ነበረኝ፤ «አሁንማ መፍትሔውን አግኝቻለሁ» ብዬ ቀረሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል እንቁላሉም ሾርባውም ሰላጣውም ላይ ያለ ስስት ነሰነስኩ።

ከዚያ እግሬ ከበደኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ጥጥ ይሆናል። አልፎ አልፎ ልቤ አንድ ምት የዘለለች ይመስለኛል። የሥራ ድካም ነው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ደግነቱ የተለመደው የደም ምርመራዬ ቀን ደረሰ። ደም ሰጥቼ ቤት ገብቼ ሻይ ሳልጨርስ ስልክ ተደወለ። «የት ነዎት? ማን አለ አብሮዎት? አሁኑኑ ይምጡ፣ ራስዎ እንዳይነዱ።»

ፖታሺየም የሚባለው ማዕድን ደሜ ውስጥ 6.4 ደርሶ ነበር። ጤናማው ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) አነሱኝ፣ ክንዴ ላይ ካልሲየም ሰጡኝ፣ አስከትለው ግሉኮስና ኢንሱሊን። «እንዴ፣ እኔ ስኳር የለብኝም እኮ!» ብዬ ተቆጣሁ። ነርሷ በትዕግሥት አስረዳችኝ፦ ካልሲየሙ ልቤን ለጊዜው ይጠብቃል፤ ኢንሱሊኑ ፖታሺየሙን ከደም ወደ ሴሎች ውስጥ ይገፋል፤ ግሉኮሱ ደግሞ ኢንሱሊኑ ስኳሬን እንዳይጥለው ነው። ፖታሺየም ያለ ልክ ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል፣ ሊያቆመውም ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የረባ ምልክት ሳያሳይ ነው እዚያ የሚደርሰው።

ተረኛው ሐኪም «በቅርቡ የጀመሩት አዲስ ነገር አለ? መድኃኒት፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ምግብ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ልጄ ከጎኔ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ «እማዬ፣ ያቺ ጨውስ?» አለችኝ።

ስልኳ ላይ የጠርሙሷን ፎቶ ለሐኪሙ አሳየችው። ጀርባው ላይ አንድ ንጥረ ነገር ብቻ ነበር የተጻፈው፦ ፖታሺየም ክሎራይድ። ሶዲየሙን አውጥተው በቦታው ፖታሺየም ነው ያስገቡት። የሻይ ማንኪያ ሩቡ ብቻ ከ600 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሺየም ይይዛል። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። የእኔ ደካማ ነው። በዚያ ላይ የምወስደው የግፊት መድኃኒት ራሱ ፖታሺየም በሰውነት ውስጥ የማቆየት ጠባይ አለው። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ስፓይሮኖላክቶን የምትወስዱ ሰዎች ይህቺን መስመር ደግማችሁ አንብቧት። መድኃኒቱን አቁሙ ማለቴ አይደለም፤ ኩላሊት የሚጠብቅ መድኃኒት ነው፣ ያለ ሐኪም እንዳትነኩት። የጨው ምትክ ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ቤታችሁ አይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሁሉ ፖታሺየም ቀንስ አይባልም። እንደ ደረጃውና እንደ ደም ውጤቱ ነው። እኔ ቲማቲም ሲከለከለኝ የሚፈቀድለት ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ የእኔን ዝርዝር እንዳለ አትገልብጡ። የእናንተን የደም ውጤት ይዛችሁ ጠይቁ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ባለሙያዋ ጋ አቀርቅሬ ተመለስኩ። አልተቆጣችኝም። «የፊቱን ሳይሆን የጀርባውን ያንብቡ» አለችኝና መለያ አነባበብ ከሀሁ ጀምራ አስተማረችኝ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን አይደለም፣ ቁጥሩ ለምን ያህል መጠን እንደተጻፈ ነው። አንዳንዱ ለአንድ የሻይ ማንኪያ ይጽፍና ትንሽ ያስመስለዋል፣ ሌላው ለ100 ግራም ይጽፍና ያስደነግጣል። ሁለቱን ወደ አንድ መጠን ሳያመጡ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ቀጥሎ የተጻፈው «ጨው» ነው ወይስ «ሶዲየም»? የሶዲየሙን ቁጥር በ2.5 ስታባዙት ጨው ይሆናል። እኔ አንድ ጊዜ ተምታቶብኝ 1.5 ግራም ሶዲየም ያለበትን 1.5 ግራም ጨው ካለበት ጋር እኩል አድርጌ ገዝቻለሁ።

«የተቀነሰ» እና «ዝቅተኛ» የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም። «የተቀነሰ» ማለት ከራሱ ከበፊቱ አነሰ ማለት ብቻ ነው። ሶዲየሙ የተቀነሰ ሶያ ሶስ በአንድ ማንኪያ አሁንም 500 እና 600 ሊሆን ይችላል። ከ900 ያነሰ ነው፣ ግን ትንሽ አይደለም። ደግሞም ሶዲየሙን ሲቀንሱ አንዳንዶቹ ያንኑ ጉደኛ ፖታሺየም ክሎራይድ ይጨምሩበታል። ጨው አልባ ኬቻፕ ላይም አይቼዋለሁ። ስለዚህ «የተቀነሰ» ወይም «ዝቅተኛ» የሚል ሳይ ዓይኔ በቀጥታ ወደ ንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ነው የሚሮጠው።

እዚያው ዝርዝር ላይ ሌላም የምፈልገው አለ፦ ውስጡ «ፎስ» የሚል ድምፅ ያለበት ቃል። ሶዲየም ፎስፌት፣ ካልሲየም ፎስፌት፣ ፎስፎሪክ አሲድ፣ ሁሉም አንድ ዘር ናቸው። ሶሱ እንዲወፍር፣ እንዳይለያይ፣ እንዲቆይ ይጨመራሉ። ክሬም መሳይ የሰላጣ ሶሶችና የአይብ ሶሶች ላይ አይጠፉም። ባቄላና እህል ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ሰውነት ግማሹን እንኳ ላይወስደው ይችላል፤ ፋብሪካ የጨመረውን ግን ሁሉንም ለማለት በሚቻል ደረጃ ይመጥጠዋል። ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረስ ይከማችና አጥንት ያሳሳል፣ የደም ሥር ያደድራል፣ ቆዳም ያሳክካል። መለያው ላይ የፎስፈረስ መጠን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ያላችሁ ፍንጭ ያቺ «ፎስ» ብቻ ናት።

ስለ ባሕር ጨውና ስለ ሮዝ ጨው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጨው ጨው ነው። ሮዝም ይሁን ግራጫ፣ በክብደት ከለካችሁት ሶዲየሙ ያው ነው። የነጭ ሽንኩርት ጨውና የነጭ ሽንኩርት ዱቄትም አንድ አይደሉም፤ ጠርሙሳቸው መንታ ስለሆነ እኔ ሁለት ጊዜ ተሸውጃለሁ። የምትፈልጉት ዱቄቱን ነው።

ታዲያ በምን ይበላል? እኔን ያዳነኝ ኮምጣጣ ነገር ነው። ሎሚ ወይም አቼቶ ምላስን ያነቃና ጨው ያለ ያስመስላል። ምስጢሩ ሰዓቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ድስት ውስጥ ከጨመራችሁት ይተናል፣ ይለዝባል። ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ፣ ሊቀርብ ሲል ጠብ አድርጉት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል ደግሞ እንደ ማጣፈጫ ስንጠቀምባቸው የሚያመጡት ፖታሺየም የሚያሰጋ አይደለም። ቅመሙን ደረቅ መጥበሻ ላይ ለአንድ ደቂቃ ሞቅ ማድረግ ብቻውን ጣዕሙን ይለውጠዋል። የማልደራደርበት የሰላጣ ሶስ አለኝ፦ ሦስት ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ አቼቶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንድ ፍንካች የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ። ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ እስኪወፍር እንጠዋለሁ። ሙሉው 30 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ነው ያለው። ከሱቅ የሚገዛው በሁለት ማንኪያ ብቻ ከ250 በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሶሶቼን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም። ሁሉን በአንዴ የሚተው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ሕግ አወጣሁ፦ በአንድ ማዕድ አንድ ሶስ፣ እሱም በማንኪያ ተለክቶ። ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ሶሱን ምግቡ ላይ አላፈስም፤ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጌ በሹካ ጫፍ እየነካሁ እበላለሁ። ምላስ መጀመሪያ ሶሱን ስለሚያገኘው ሩቡ መጠን እንደ ሙሉው ይሆናል። ውጭ ስበላም «ሶሱን ለብቻ አድርጉልኝ» እላለሁ። ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም። ለቤተሰቡ ደግሞ ያለ ጨው እሠራና የፈለገ ሳህኑ ላይ ይጨምራል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከባድ ናቸው፣ አልዋሻችሁም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚባለውን ተረት ለጠርሙሶቼ እየተረትኩ ነው ያሳለፍኳቸው። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ግን አንድ ነገር ሆነ። ልጄ ከውጭ ይዛ ከመጣችው የተጠበሰ ድንች አንዱን አፌ ውስጥ ጣል አደረግኩና ተፋሁት። ባሕር የዋጥኩ ነው የመሰለኝ። ድንቹ አልተለወጠም። ምላሴ ነው ቀስ በቀስ የለመደው።

አንዲት በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት የምታደርግ ጓደኛ አለችኝ። እሷን የሚያሰቃያት ጥማቱ ነው። የምትጠጣው ውሃ ተለክቶላታል፤ ጨዋማ ሶስ በበላች ቀን በረዶ እየላሰች ታድራለች። «በሁለት እጥበት መሀል ክብደቴ ሲጨምር የበላሁት ሶስ ነው የሚጋለጠው» ትለኛለች። ለእሷ ኮምጣጣ ነገር ሁለት ጥቅም አለው፤ ሎሚ መላሷ አፏን ያርስላታል።

እኔ ዛሬ ግፊቴ 130 በ80 አካባቢ ነው፣ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ፖታሺየሜ 4.7 ነው። የማጣሪያው ቁጥር 37 ላይ ቆሟል። አልጨመረም። ሐኪሙ ግን «በዚህ ዕድሜና በዚህ ደረጃ አለመውረዱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» አለኝና ከሦስት ወር በኋላ ቀጠረኝ።

ማቀዝቀዣዬ በር ላይ አሁን አራት ጠርሙስ ብቻ አለ። ልጄ በወፍራም ብዕር እያንዳንዳቸው ላይ ጽፋባቸዋለች፤ ሰናፍጩ ላይ «1 የሻይ ማንኪያ»፣ ማዮኔዙ ላይ «1 ማንኪያ»፣ አቼቶው ላይ «እንደፈለግሽ»። ኬቻፑን ባለፈው ሳምንት ሳወጣው የማብቂያ ቀኑ አልፎበታል። በፊት በሳምንት የምጨርሰው ጠርሙስ ከግማሽ በላይ እንዳለ ነበር።